እትዬ ጡረታ ሳይወጡ፦ የነባር ሠራተኛን ዕውቀት ቢሮ ውስጥ የማስቀረት ሥራ በደረጃ

የሽኝቱ ዕለት ጋቢ አለበስናቸው። ኬክ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ኃላፊያችን «የዚህ ቢሮ ምሰሶ ነበሩ» ብሎ ተናገረ። አጨበጨብን፤ ፎቶ ተነሣን። እትዬ፣ ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲያ ነበር፣ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ከቦርሳቸው አውጥተው ለተተኪያቸው ሰጡና ሄዱ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ከፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣ፤ የአንድ የቀበሌ ቤት ማኅደር ይቅረብ ይላል። ተተኪዋ ልጅ በወረዳና በቤት ቁጥር ፈለገች፤ የለም። በተከራዩ ስም ፈለገች፤ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ አራት ሰው አቧራ ሲቅም ዋለ። በመጨረሻ ስልክ ተደወለ። እትዬ ሳቁ። «እሱማ በድሮው የከፍተኛ ቁጥር ነው ያለው፤ ስሙም የልጁ ሳይሆን የእናቱ ነው። ከበሩ በስተግራ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ።» እውነትም እዚያው ነበር።

የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ቶሎ ይገባዋል። በደርግ ዘመን ከተማው የሚከፈለው በከፍተኛና በቀበሌ ነበር። 1995 ላይ ክፍለ ከተማ መጣ። ቆይቶ ደግሞ ቀበሌው ወረዳ ተባለ። ቤቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ አድራሻው ግን ተቀያየረ። ማኅደሩ ላይ ያለው ቁጥር የተከፈተበት ዘመን ቁጥር ነው። የድሮው ቁጥር ከአሁኑ ጋር እንዴት እንደሚገጥም የሚያሳይ ሠንጠረዥ ቢሮአችን አልነበረውም። ሠንጠረዡ እትዬ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የንብረት ክፍሉ ጋሼ ወጡ፣ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ለቀቀች፣ አንድ ቡድን መሪ ተዛወረ። በእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየተማርን አንድ አካሄድ ያዝን። ሶፍትዌር አይፈልግም። ደብተር፣ እስክሪቢቶና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። ከታች ያለው እሱ ነው። ቢሮአችሁ ወረዳም ይሁን ሚኒስቴር፣ ከሥራችሁ ጋር እያስተያያችሁ ቀይሩት።

1. ማን እንደሚሄድ ቀድማችሁ ቁጠሩ

ጡረታ ድንገት አይመጣም። የመንግሥት ሠራተኛ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። የልደት ዘመኑ ሲቀጠር በሞላው ቅጽ ላይ አለ። ስለዚህ በዓመቱ መጀመሪያ ሰው ሀብት ሄዳችሁ «በሚቀጥሉት 2 ዓመታት 60 የሚሞላው ማን ነው?» ብላችሁ ስም አስወጡ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ሕጉ ማስታወቂያ ያዛል። በፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ከ3 ወር በፊት በጽሑፍ ይነገረው ነበር። በፈቃዱ የሚለቅ ደግሞ የ1 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ነበር። ከዚያ በኋላ አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ ከተሞችና ክልሎችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። እናንተ ዘንድ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ሰው ሀብትን ጠይቁ።

«3 ወር ይበቃል» ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ነባር ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱ እስከ 30 የሥራ ቀን ይደርሳል። ካለፈው ዓመት የተላለፈ ካለው ይደመራል። ሰውየው መውጫው ሲደርስ ፈቃዱን ይጠይቃል፤ መብቱም ነው። ከዚያ የጡረታ ወረቀቱን ለማስጨረስ ሲመላለስ ስንት ቀን ይሄዳል። በዓል አለ፣ ለቅሶ አለ። በእጃችሁ የሚቀረው አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ቢሆን ነው። እኔ የምመክረው ቢያንስ 1 ዓመት ቀድሞ መጀመር ነው።

የጡረታ ስም ዝርዝር ላይ የሌሉትንም አስቡ። ማስታወቂያ ተወዳድሮ ሊያልፍ የደረሰ፣ ወሊድ ልትወጣ ያለች፣ ትምህርት የተፈቀደለት። ወጣቱ ነው እንዲያውም ሳይታሰብ ብድግ የሚለው። አንድ ቀን ጠዋት መልቀቂያ ጽፎ ይመጣል፤ በወሩ የለም።

2. አንድ ሳምንት ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ በሉና ጥያቄ ልቀሙ

ብዙ ቢሮ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኃላፊው ነባሩን ሠራተኛ ይጠራና «የምታውቀውን ሁሉ ጽፈህ አስረክብ» ይላል። ሰውየው ይሄድና ሦስት ገጽ ጽፎ ይመጣል። ገጹ ላይ ያለው የሥራ መዘርዝሩ ነው። «ገቢ ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ወደሚመለከተው እመራለሁ።» ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ሆን ብሎ አይደለም። ሰው የለመደውን ነገር ዕውቀት አይለውም። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ መስማቱን በምን እንዳወቀች ብትጠይቋት «ያስታውቃላ!» ነው የምትላችሁ።

የአሠራር መመሪያውን ማንም ከፍቶ ያነበዋል። የሚጠፋው፣ መመሪያው የማይሠራበት ቀን ምን እንደሚደረግ ነው። እሱን ለማግኘት ሌሎች ሰዎች ከሰውየው ምን እንደሚፈልጉ ተመልከቱ። አንድ ደብተር ያዙና አራት ዓምድ አስምሩ፦ ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰለት፣ መልሱ ከየት መጣ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ከሦስት አንዱን ትጽፋላችሁ፦ «ከፋይል»፣ «ስልክ ደውለው» ወይም «ከራሳቸው»።

ጋሼ ጋ የተያዘው ደብተር ውስጥ አንዱ ቀን እንዲህ ይላል፦

ከፋይናንስ መጡ። የፕሪንተር ቀለም ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ለምን አልተቆረጠም አሉ። ጋሼ፦ ናሙናው ገና አልታየም። ከራሳቸው።

ሾፌር መጣ። ጎማ ይሰጠኝ አለ። ጋሼ፦ ያንተ መኪና ባለፈው መስከረም ወስዷል፤ መጀመሪያ አሮጌውን መልስ። ከራሳቸው።

ጽዳት መጡ። ሳሙና አለቀ አሉ። ጋሼ ካርዱን አዩ። ከፋይል።

ሳምንቱ ሲያልቅ «ከራሳቸው» የሚሉትን ብቻ ነጥላችሁ ቁጠሩ። መሥሪያ ቤቱ ሊያጣው የተቃረበው ዕውቀት እሱ ነው። ጋሼ ጋ ሃያ ስምንት ሆኖ አገኘነው። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ብቻ ናቸው መመሪያ ውስጥ ያሉት።

ሳምንቱን ስትመርጡ ሥራ የሞላበትን ምረጡ። ጥር ላይ ከምትቀመጡ ሰኔ ላይ ተቀመጡ።

3. ተተኪው ይጠይቅ፣ ተተኪው ይጻፍ

የሚሄደውን ሰው አታስጽፉት። እሱ ይናገር፣ ይሥራ፣ ያሳይ። የሚጽፈው ወንበሩን የሚረከበው ሰው ይሁን። ያልገባውን የሚያውቀው እሱ ነው። ተተኪ ገና ካልተመደበ (መቼም የተለመደ ነው፤ መደቡ ክፍት ሆኖ ዓመት ይቆያል) ከጎረቤት ክፍል አንድ ጠያቂ ልጅ ተዋሱ። አለቃው ባይቀመጥ ይሻላል። አለቃ ባለበት ሰው መመሪያውን ነው የሚያነበንበው።

የመጀመሪያው ቀን ደብተር እንኳ አታውጡ። ቡና ጠጡ። ሰውየው ይህን ነገር እንዴት እንደሚያየው አስቡት። የመንግሥት ሠራተኛ ስንት ጊዜ ተበጥሯል። ቢፒአር (የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) መጣ፤ ወንበር ተለዋወጠ። የሥራ ምዘናና ደረጃ አሰጣጥ መጣ፤ እንደገና ተደለደለ። በዚያ ሁሉ መሀል «እኔ ከሌለሁ ይህ ሥራ አይሄድም» ማለት መድን ነበር። አሁን መጥታችሁ መድንህን አምጣ ስትሉት ዝም ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ የምትፈልጉትን በግልጽ ንገሩት። በሚጻፈው ገጽ ግርጌ «ያስረዱን» ተብሎ ስሙ እንደሚሰፍር ንገሩት። ደግሞም ከዕለት ሥራው ላይ ቀንሱለት። ሥራውን ሙሉ እየሠራ ማታ ማታ አስተምር የተባለ ሰው ሲያኮርፍ አይቻለሁ፤ እኔም አኮርፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲሠራ እዩት። ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ የማልረሳው የጋሼ ነገር ነው። ሃያ ካርቶን ወረቀት መጣ። ጋሼ ከላይ ያሉትን አልፈው፣ ከመሀል አንዱን ጎትተው በቢላ ከፈቱት። አንድ ሪም አወጡ፣ በእጃቸው መዘኑት፣ አንድ ቅጠል መዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

«ጋሼ፣ ለምንድነው ከመሀል?» አላቸው ተተኪው።

«ከላይ ያለውማ ሁሌም ጥሩ ነው። አንድ ዓመት ከሥር ያለው ሌላ ዓይነት ሆኖ አግኝቼ ሞዴል 19 ቆርጬ ጨርሻለሁ። ኦዲት ላይ ተጠያቂው እኔ ሆንኩ።»

«ይህን ልጻፈው?»

«እንዴ፣ ይሄም ይጻፋል?»

ሦስት ቀን ሲጠየቁ ከርመው ይህን አላነሡትም ነበር። እጃቸው ነው የሚያውቀው። የኛን መናቅ የለብንም፤ አሜሪካኖቹም ተሸውደዋል። ደብሊው 76 የሚሉትን የኒውክሌር አረር ሲያድሱ ፎግባንክ የተባለ ምስጢራዊ ንጥረ ነገር አስፈለጋቸው። በፈረንጆች 1980ዎቹ ራሳቸው ያመርቱት የነበረ ነው። መሥራቱ ግን ጠፋቸው። የመንግሥታቸው ተጠያቂነት ቢሮ በ2009 እንደጻፈው ስለ አመራረቱ የተያዘው መዝገብ ጥቂት ነበር፤ ሙያውን የሚያውቁት ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጡረታ ወጥተዋል ወይም ለቀዋል። ችግሩን ለመፍታት 69 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ኋላ የተደረሰበት ነገር ይብሳል። የድሮው ምርት ይሠራ የነበረው ከጥሬ ዕቃው ጋር አብሮ በሚገባ ባዕድ ነገር ምክንያት ኖሯል። አዲሱ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውን በደንብ ሲያጣራው ያ ነገር ቀረ። የድሮዎቹ ሠራተኞች ራሳቸው ይህን አያውቁም ነበር። ቢጠየቁ እንኳ ሊናገሩት አይችሉም።

እያያችሁ ስትጠይቁ ደግሞ «ምን ይሠራሉ?» አትበሉ። እኛ ዘንድ አፍ ያስከፈቱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

«መመሪያው እንዲህ ይላል፤ እርስዎ ግን እንዲያ አደረጉ። ምን ገጥሞዎት ነው?»

«ነገ ታመው ቢቀሩ መጀመሪያ የሚበላሸው ምንድነው?»

«ባለፈው ዓመት በጣም ያናደደዎት ሥራ የቱ ነበር?»

«ሲጨንቅዎ ማን ጋ ነው የሚደውሉት?»

«አዲስ ሰው ሁሌ የሚሳሳተው ምን ላይ ነው?»

የመጨረሻዋ በተለይ ታዋጣለች። ነባር ሰው ስለ አዲስ ሰው ስሕተት ማውራት ይወዳል። አውጡት እንጂ ያወራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁሉም ልምድ አይወረስም። «ይሄን ባለጉዳይ ቶሎ ጨርስለት፣ የእንትና ዘመድ ነው» የሚል ነገርም ሊወጣ ይችላል። «ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ቃለ ጉባኤውን አስፈርማቸው» የሚልም አለ። እሱን አትጻፉ፤ አትውረሱትም። ስለ ባልደረባ የሚወራ ሐሜትም ደብተር ውስጥ አይገባም። ድምፅ መቅዳት ካማራችሁ አስፈቅዳችሁ ይሁን። እኔ ብዙም አልወደውም፤ የተቀዳ ነገር ማንም ቁጭ ብሎ አያዳምጠውም።

4. አንድ ሥራ፣ አንድ ገጽ

ረጅም ሰነድ አታዘጋጁ። ባለ 80 ገጽ ጥራዝ ተሠርቶ፣ ታትሞ፣ ተመርቆ መሳቢያ ውስጥ ሲቀበር አይተናል። አንድ ሥራ በአንድ ገጽ ይለቅ። ከገጹ ትልቁን ቦታ «ካልሆነስ?» ለሚለው ስጡት።

ከእትዬ ጋር በኋላ ተቀምጠን የጻፍነው ገጽ ይህን ይመስላል፦

ሥራው፦ የቆየ የቀበሌ ቤት ማኅደር ማግኘት።

መጀመሪያ፦ በወረዳና በቤት ቁጥር ፈልግ።

ካልተገኘ፦ ባለጉዳዩን የድሮ የኪራይ ደረሰኝ ጠይቀው። ከፍተኛና ቀበሌው ደረሰኙ ላይ አለ። በዚያ ቁጥር ፈልግ።

አሁንም ካልተገኘ፦ በስም ፈልግ፤ ግን በአሁኑ ተከራይ ስም አይደለም። መጀመሪያ በተዋዋለው ሰው ስም ነው። አብዛኛውን ጊዜ አባት ወይም እናት ናቸው።

አሁንም ከሌለ፦ የክርክር ማኅደሮች ለብቻቸው፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ባለው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ወደ ቦታቸው አትመልሳቸው።

ለምን፦ ክርክር ያለበት ማኅደር በየወሩ ይጠየቃል። መደርደሪያ ላይ ሲመለስ ገጽ ይጎድላል። አንድ ጊዜ ጎድሎ ፖሊስ ድረስ ሄደናል።

ተጠንቀቅ፦ ማኅደር በቃል ትእዛዝ አይወጣም። ማንም ቢሆን ይፈርማል።

ያስረዱን፣ የጻፈው፣ ቀን።

«ለምን» የምትለዋን መስመር ብዙ ሰው ይዘላታል። እሷን አትተዉ። ምክንያቱ ያልተጻፈ አሠራር ሁለት ዓመት አይቆይም። አዲስ ኃላፊ ይመጣና «ይሄ ሣጥን እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ያነሣዋል። ምክንያቱ ከተጻፈ ግን ምክንያቱ ጊዜው ሲያልፍበትም ያለ ፍርሃት መቀየር ይቻላል።

ደብተሩ የተጠረዘ፣ ገጹ ቁጥር ያለው ይሁን። ኮምፒውተር ላይ መተየብ ከፈለጋችሁ ተይቡ፤ ኮፒው ግን ታትሞ ሥራው ያለበት ቦታ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋም ባለጉዳይ ይመጣል።

5. የዓመቱን ዙር በወር ጻፉ

ነባር ሠራተኛ ጭንቅላቱ ውስጥ የራሱ ባሕረ ሐሳብ አለው። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ያልተጻፈው በመሀል ያለው ነው። አሥራ ሁለቱን ወር ደርድሩና፣ ጳጉሜንም ጨምሩና፣ ሰውየውን በየወሩ «በዚህ ወር ምን ትዝ ይልዎታል?» በሉት።

እኛ ጋ የወጡት ሁለቱ ይበቃሉ። ግንቦት መጨረሻ፦ የመዝገብ ቤቱን የታችኛውን መደርደሪያ ባዶ አድርግ፤ ክረምት ሲገባ ከኋላ ግድግዳው ውሃ ያስገባል። ሰኔ 1፦ ያልተከፈለ ሒሳብ ያላቸውን አቅራቢዎች በስልክ ጥራ፤ ሰነዳቸውን ሰኔ 25 ይዘው ከመጡ አይደርስላቸውም፣ ጭቅጭቁ ለመስከረም ይተርፋል።

የመጀመሪያውን ባናውቅ ኖሮ የስንት ሰው ማኅደር ይበሰብስ እንደነበር እንጃ።

6. ስልኩ ውስጥ ያለውን አትርሱ

ይህ የዘመኑ ጣጣ ነው። ዛሬ የቢሮ ሥራ ግማሹ ቴሌግራም ላይ ነው። ደብዳቤ ፎቶ ተነሥቶ ይላካል፣ ሪፖርት በግሩፕ ይጠየቃል፣ ከክፍለ ከተማ «ዛሬ 9 ሰዓት ስብሰባ» ይባላል። ሁሉም ያለው በሰውየው የግል ስልክ ነው። ሰውየው ሲሄድ ስልኩም አብሮ ይሄዳል።

በመጨረሻው ወር አንድ ከሰዓት መድቡና ሦስት ነገር አድርጉ። ተተኪውን የሥራ ግሩፖቹ ውስጥ አስገቡት፤ ግሩፑን የከፈተው የሚሄደው ሰው ከሆነ አስተዳዳሪነቱን ያስተላልፍ። በስልክ የመጡ ደብዳቤዎችን ወደ ቢሮው ኮምፒውተር አውርዱ፤ ዋና ዋናዎቹን አትማችሁ ገቢ መዝገብ ላይ አስመዝግቧቸው። ከዚያ የሰዎቹን ስም ጻፉ። ስልክ ቁጥር ብቻውን አይጠቅምም። «ባንክ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የመንግሥት ሒሳብ የሚይዙት ሴትዮ፤ ጠዋት ብቻ ይገኛሉ፤ ደብዳቤው ላይ ማኅተም ከፊርማው ጎን ካልሆነ አይቀበሉም።» እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት። ቢቻል ተተኪውን ይዞት ይሂድና በአካል ያስተዋውቀው። በኛ አገር «የእትዬ ልጅ ነኝ» ማለት ደብዳቤ የማይከፍተውን በር ይከፍታል።

የይለፍ ቃል ላይ ግን ጠንከር በሉ። አይቤክስም ሆነ ኢፍሚስ በሚባሉት የመንግሥት ሒሳብ ፕሮግራሞች ላይ የሚሠራ ሰው ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ለተተኪው አይነግረውም። የእሱ ይዘጋል፤ ለተተኪው በራሱ ስም ይከፈትለታል። በሄደ ሰው ስም እየገባችሁ የምትሠሩት ሥራ አንድ ቀን ሁለታችሁንም ያስጠይቃል። አዲሱ እስኪከፈት ጊዜ ስለሚወስድ ጥያቄውን ቀድማችሁ ላኩ።

7. ከመሄዱ በፊት ሄዶ ይታይ

የተጻፈው ይሠራ አይሠራ እንደሆነ የሚታወቅበት አንድ መንገድ ብቻ አለ። ሰውየው ቢሮ አይኑር።

ከቀረው የዓመት ፈቃድ ላይ 10 የሥራ ቀን ቀድሞ እንዲወስድ ተነጋገሩ። በእነዚያ ቀናት ተተኪው በደብተሩ ብቻ ይሥራ። መደወል ክልክል አይደለም፤ ግን የደወለበትን እያንዳንዱን ጥያቄ ይጻፍ። ሰውየው ፈቃዱን ጨርሶ ሲመለስ የተጻፉትን ጥያቄዎች ይዛችሁ እንደገና ተቀመጡ። ጋሼ ሲመለሱ አሥራ አንድ ጥያቄ ጠበቃቸው። ዘጠኙ ደብተሩ ውስጥ የሌሉ ነበሩ። ሁለቱ ደብተሩ ውስጥ አሉ፤ ተተኪው አላየም። እሱም ትምህርት ነው፤ ማውጫ ሠራንለት።

ሰውየው የተመለሰበት ሳምንት ቦታ ተለዋወጡ። ተተኪው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ነባሩ ከጎን ይቀመጥና ዝም ይበል። ዝም ማለቱ ይከብዳቸዋል። ጋሼ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ነበር የዋሉት።

8. ርክክቡን በወግ አድርጉት

ንብረት ርክክብ ሁሉም ያውቅበታል። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ካልኩሌተር ይቆጠራል፤ ክሊራንስ ይዞራል። እዚያው ላይ አንድ ገጽ ጨምሩ፦ በእጅ ላይ ያሉ ያላለቁ ጉዳዮች። ለእያንዳንዱ የት እንደደረሰ፣ ቀጥሎ ማን ምን እንደሚጠበቅበት፣ ቀን ያለው እንደሆነ ቀኑን ጻፉ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ እንዳያልፋችሁ በተለይ። ሦስት ኮፒ ይሁን፦ ለሰጪ፣ ለተቀባይ፣ ለመዝገብ ቤት።

ክሊራንሱን ግን ማስፈራሪያ አታድርጉት። «ካላስተማርክ አልፈርምም» የሚባል ነገር ሰምቻለሁ። ሰውየው የጡረታ ወረቀቱን ማስጨረስ አለበት። በዚህ መንገድ የሚወጣ ዕውቀት ጥርስ እንደመንቀል ነው።

ለአዲሱ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ንገሩት፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ቢሮ አያጽዳ። አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያምረው አሮጌ ወረቀት መጣል ነው። የመንግሥት መዝገብ እንደፈለጉ የሚወገድ ነገር አይደለም። ለዚህ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለ። ሕጉ ባይኖርስ? ያ የማይረባ የመሰለው አሮጌ የኪራይ መዝገብ ነው እኮ ከፍተኛውን ከወረዳው ጋር የሚያገናኘው።

9. ሰውየው ሄዶ ካለቀ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር አልጠፋም። እኛም እትዬ ጋ የደረስነው ከሄዱ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ። የሄደው ሰው መሳቢያ ውስጥ የቀረ ማስታወሻ ደብተር፣ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ቁራጭ ወረቀት፣ ማኅደር ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፈው ቁጥር ሁሉ ይጠቅማል። ከእሱ ጋር ረጅም ጊዜ የሠሩትን ጠይቁ። ተላላኪዋና የጽዳት ሠራተኛዋ ከቡድን መሪው የበለጠ የሚያውቁበት ጊዜ ብዙ ነው። የትኛው ፋይል የት እንዳለ በየቀኑ የምታነሣና የምትጥል እሷ ናት።

ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቡ። በየቀኑ አንድ አንድ እየደወላችሁ ሰውን አታስመርሩ። ተራ ተራ ጻፉና አሥር ሲሞላ አንድ ቀን ለምኑ። ቢሮው ትራንስፖርት ይቻላቸው፣ ምሳ ይጋብዛቸው። ባለሙያን በአበል የሚጠራበት አግባብ ካለ ፋይናንስን ጠይቁና በደብዳቤ ይሁን። እትዬ አንድ ቅዳሜ መጡልን። ከመዝገብ ቤቱ በር ጀምረው መደርደሪያ በመደርደሪያ እያለፉ ነገሩን፤ ልጅቷ ከኋላ እየተከተለች ትጽፋለች። በአራት ሰዓት ውስጥ ሃያ ሁለት ገጽ ወጣ። ያ የከፍተኛና የወረዳ ሠንጠረዥ የተሠራው ያን ቀን ነው።

ስትደውሉ ደግሞ ሰላምታውን አታሳጥሩ። ጤናቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ጉልበታቸውን ጠይቁ። በምሳ ሰዓት አትደውሉ፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ራሳችሁ ደውሉ እንጂ ሚስድ ኮል አታድርጉ። ሰው ካልፈለገም ተዉት፤ ከወጣ በኋላ ዕዳ የለበትም። የነገሯችሁን እዚያው ደብተር ላይ ጻፉና ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት አንብቡላቸው። እትዬ ሁሌ አንድ ነገር ያርማሉ።